የሆርሞን ተቀባይ ጂኖችና ስኪዞፍሬኒያ፦ ምን ተጠየቀ? ምንስ ተገኘ?

የሕዝብ ትምህርታዊ ገለጻ ሙሉ ቃል





የዛሬው ርእስ በወረቀት ላይ ሲነበብ ለባለሙያ ብቻ የተሰናዳ ይመስላል። ጥያቄው ግን በየቤቱ ያለ ጥያቄ ነው። በስኪዞፍሬኒያ የታመመ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ፣ ከሕክምናው ቀጥለው ከሚያነሡት ጥያቄ አንዱ «በዘር ይተላለፋል ወይ?» የሚል ነው። ከዚህ አጭር ጥያቄ በስተጀርባ የታማሚው እኅት ጋብቻ አለ፤ የወንድሙ ልጆች አሉ፤ የእናቲቱ የኅሊና ሸክም አለ። ሽማግሌ ተልኮ ዘር በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ «በቤታቸው የአእምሮ ሕመም አለ» የሚል አንድ ሹክሹክታ የታጨችን ልጅ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪ «ይህ ጂን ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ተያይዟል» ብሎ ሲናገር፣ ቃሉ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ይኖርበታል።

ዛሬ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው የሚነገሩ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቼ ላቀርብላችሁ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ሆርሞኖች፣ በተለይም ኢስትሮጅን፣ በስኪዞፍሬኒያ አጀማመርና አካሄድ ላይ ድርሻ አላቸው ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሆርሞን ተቀባዮችን በሚሠሩት ጂኖች ላይ ከወላጅ የሚወረስ ልዩነት ሰውን ለበሽታው ያጋልጣል ወይ? የሚል ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለን ማስረጃ «ድርሻ አላቸው» ወደሚለው ያደላል። ለሁለተኛው ግን፣ እስካሁን በተደረገው እጅግ ሰፊ ፍለጋ «ያጋልጣል» የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም። አንዱ እውነት ስለሆነ ሌላው እውነት ይሆናል ማለት አይደለም፤ የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ስኪዞፍሬኒያ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበት፣ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት የሚይዝበት፣ ሐሳቡ የሚበታተንበት፣ ለሥራና ለሰው ያለው ፍላጎት የሚደክምበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ፣ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገምቶ ነበር።

ዘር ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዴንማርክ የመንትዮች ጥናት በሰዎች መካከል ያለውን የተጋላጭነት ልዩነት 79 በመቶ ያህል በዘር የሚገለጽ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። የታማሚ ዘመድ 79 በመቶ የመታመም ዕድል አለው ማለት አይደለም። በዚያው ጥናት ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ፣ ጂናቸው አንድ ዓይነት የሆነ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የመታመሙ ዕድል 33 በመቶ ነበር። ከሦስት ሁለቱ ያንኑ ጂን ተሸክመው ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እኅት ዕድልማ ከመቶ አሥር ገደማ ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ሆርሞን ልለፍ። ሐኪሞች ሆርሞንን መጠርጠር የጀመሩት ጂን የሚባል ቃል ከመፈጠሩ በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የነበሩ የአእምሮ ሐኪሞች የአንዳንድ ሴቶች ሕመም ከወር አበባ ዑደት ጋር ሲወጣና ሲወርድ አስተውለው ጽፈዋል። በኋላ የመጡት ጥናቶች ጥርጣሬውን በሦስት ምልከታዎች አጠናከሩት።

የመጀመሪያው ምልከታ የዕድሜ ነገር ነው። በማንሃይም ከተማ ሄፍነርና ባልደረቦቻቸው ባካሄዱት ጥናት የሴቶች ሕመም ከወንዶች ከ3 እስከ 4 ዓመት ዘግይቶ ሲጀምር ታየ። ከዚህም ሌላ፣ ወንዶች በአብዛኛው በወጣትነት ታምመው ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ፣ በሴቶች ግን የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ አካባቢ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ጉብታ ብቅ አለ። ሁለተኛው ምልከታ የወሊድ ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ ኢስትሮጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ያሽቆለቁላል፤ ከ1,000 ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቷ በዚህ ወቅት በድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ይያዛሉ። ይህ ሕመም ከስኪዞፍሬኒያ ይልቅ ለባይፖላር የቀረበ ቢሆንም፣ የሆርሞን መውረድ አንጎልን ምን ያህል ሊያናውጥ እንደሚችል ያመለክታል። ሦስተኛው ምልከታ ከአይጦች ላይ የተገኘ ነው። የማንሃይሙ ቡድን ኢስትራዲዮል የተባለውን የኢስትሮጅን ዓይነት ለአይጦች ሲሰጥ፣ በዶፓሚን የሚቀሰቀሰው ባሕርይ ረገብ አለ። ለስኪዞፍሬኒያ የምንሰጣቸው መድኃኒቶችም በአብዛኛው የሚሠሩት የዶፓሚንን መልእክት በማብረድ ስለሆነ፣ «ኢስትሮጅን ተፈጥሯዊ መከታ ይሆን?» የሚለው ግምት ተወለደ።

ታዲያ ተቀባይ ምንድን ነው? ሆርሞን በደም ውስጥ የሚነገር አዋጅ ነው ብላችሁ አስቡ። በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲባል አዋጁ ለሁሉም ይነገራል፤ የሚፈጽመው ግን የሰማ ብቻ ነው። የሕዋስ ጆሮ ተቀባይ የተባለው ፕሮቲን ነው። ተቀባይ የሌለው ሕዋስ ሆርሞኑ ቢያጥለቀልቀውም አይሰማም። የኢስትሮጅን ተቀባዮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አልፋ የተባለውን የሚሠራው ጂን በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ቤታ የተባለውን የሚሠራው ደግሞ በ14ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ ጂን በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ኢስትሮጅን የሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በወንድ አንጎል ውስጥ ቴስቶስትሮን ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል፤ የወንድ አንጎልም ተቀባዮቹ አሉት።

ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ግምት ቀላልና ማራኪ ነበር። ኢስትሮጅን መከታ ከሆነ፣ ጆሮው የደነቆረ ሰው መከታውን ያጣል፤ ስለዚህ በተቀባዩ ጂን ላይ ያለ ልዩነት አጋላጭ ሊሆን ይገባል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሻነን ዋይከርትና ባልደረቦቻቸው የአልፋ ተቀባይ ጂን ልዩነት ከስኪዞፍሬኒያ ጋር እንደተያያዘ፣ ከሞት በኋላ በተመረመረ የፊት አንጎል ቅርፊት ውስጥም የዚያ ጂን መልእክት በሕሙማን ላይ የተለየ መልክ እንዳለው አሳተሙ። ጥናቱ ጂኑን ብቻ ሳይሆን አንጎልንም የተመለከተ በመሆኑ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሌሎች ቡድኖችም የኦክሲቶሲን ተቀባይን፣ የወንዴ ሆርሞን ተቀባይንና የመሳሰሉትን መረመሩ። አንዳንዱ «አገኘሁ» አለ፤ አንዳንዱ «አላገኘሁም» አለ።

ለተማሪዎቻችን ይጠቅማልና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አንድን ጂን መርጦ፣ ጥቂት መቶ ሕሙማንንና ጥቂት መቶ ጤነኞችን ማነጻጸር ለምን ያሳስታል? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ዕጣ ነው። በልማዳዊው የ5 በመቶ መለኪያ ምንም ግንኙነት የሌላቸውን 20 ልዩነቶች ብትመረምሩ፣ በአማካይ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ተያያዥ» መስሎ ይወጣል። ሃያ ቤተ ሙከራዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቢመረምሩም ውጤቱ ያው ነው፤ አሥራ ዘጠኙ ዝም ይላሉ፤ አንዱ ያሳትማል።

ሁለተኛ፣ የትውልድ አካባቢ ነው። ሕሙማኑን ከአንድ አካባቢ፣ ጤነኞቹን ከሌላ አካባቢ ብንሰበስብ የጂን ልዩነት ማግኘታችን አይቀርም፤ ያገኘነው ልዩነት ግን የሕዝቦች አሰፋፈርና ታሪክ እንጂ የበሽታው አይደለም። የሕዝቦቿ የዘር ታሪክ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ ገጽ ባለው አገር ይህ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ሦስተኛ፣ የውጤቱ ትንሽነት ነው። ለስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጡ የተለመዱ ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ዕድሉን የሚጨምሩት በጣም በጥቂቱ ነው። ያን ያህል ትንሽ ነገር ለማየት በመቶ የሚቆጠር ሰው አይበቃም፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ያስፈልጋል።

ይህን የተገነዘቡ ተመራማሪዎች ኃይላቸውን አሰባሰቡ፤ ጂን አስቀድሞ መምረጥንም ትተው መላውን የዘር ቅንብር መፈተሽ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 37,000 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ጥናት 108 አጋላጭ ቦታዎችን ለየ። በ2022 ሕሙማኑ 76,755፣ ማነጻጸሪያዎቹ 243,649 ሲደርሱ ቦታዎቹ 287 ሆኑ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በ24,248 ሕሙማን ላይ ብርቅ የሆኑ ጎጂ ለውጦችን ፈልጎ አሥር ጂኖችን ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው አድርጎ አቀረበ።

በእነዚህ ውጤቶች ውስጥ ምን ይታያል? የዶፓሚን ዲ2 ተቀባይ ጂን አለ፤ መድኃኒቶቻችን የሚያርፉበት ተቀባይ ማለት ነው። የግሉታሜት ተቀባይ ጂኖች አሉ። በነርቭ ሕዋሳት መገናኛ ላይ የሚሠሩ ብዙ ጂኖች አሉ። ከአሥሩ ብርቅ ለውጥ ከሚታይባቸው ጂኖች መካከል ግን አንድም የሆርሞን ተቀባይ የለም። በተለመዱት ልዩነቶች ዘንድም የኢስትሮጅን ተቀባዮች ጎልተው አልወጡም። ልብ በሉ፤ ዘዴው ተቀባይን ማግኘት የሚችል ዘዴ ነው፤ የዶፓሚኑን አግኝቷል። የኢስትሮጅን ተቀባዮች ከፍ ያለ ውርሳዊ ድርሻ ቢኖራቸው ኖሮ ይታዩ ነበር ብሎ መናገር ምክንያታዊ ነው። የቀደመው ዘመን ተመራማሪዎች ይበልጥ ያጠኗቸው 25 ጂኖች እንደ ቡድን ሲፈተኑም ከሌሎቹ ጂኖች የተለየ ግንኙነት አላሳዩም፤ ይህ በ2017 የታተመ ውጤት ነው።

ይህ ማለት የሆርሞኑ ጉዳይ ተዘጋ ማለት ነውን? አይደለም። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አዋጁ ሊቋረጥ ይችላል። የጂኑ ፊደል ምንም ሳይለወጥ፣ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው የተቀባይ መጠን በዕድሜ፣ በጭንቀት ወይም በመድኃኒት ሊለዋወጥ ይችላል። ተቀባዩም የሚሠራው ሌሎች ብዙ ጂኖችን በማዘዝ ነው፤ ልዩነቱ በታዛዦቹ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሆርሞን የበሽታውን ሰዓትና ብርታት ሊወስን ሲችል፣ ማን እንደሚታመም የሚወስነው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ጾታ በጂን ሥራ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣም ማስረጃ አለ። በ2020 የታተመ ጥናት ሲ4 የተባለው የመከላከያ ሥርዓት ጂን ለስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጠው ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን በበረታ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል። ሲ4 የሆርሞን ተቀባይ አይደለም።

የሕክምናው ሙከራም ይህንኑ መለየት ያስተምረናል። በአውስትራሊያ ጃያሽሪ ኩልካርኒና ባልደረቦቻቸው በ183 ሴቶች ላይ ባደረጉት የስምንት ሳምንት ሙከራ፣ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትራዲዮል የተጨመረላቸው ሴቶች ምልክታቸው ይበልጥ ቀነሰ። በ2019 የታተመ፣ በሞልዶቫ በ200 ሴቶች ላይ የተደረገ ሙከራም ጥቅም አሳየ፤ ውጤቱ በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ ግን ጥቅሙ ያመዘነው ከ38 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነበር። በሌላ በኩል፣ በተቀባዩ ላይ የሚሠራው ራሎክሲፌን የተባለ መድኃኒት በአንዳንድ ሙከራ ሲረዳ፣ ሕመማቸው እጅግ በጸናባቸው ሴቶች ላይ በተደረገ ሰፋ ያለ ሙከራ ግን ከመምሰያ ክኒኑ የባሰ ውጤት አሳየ። በእነዚህ ሙከራዎች ሴቶቹ የተመረጡት በጂናቸው አልነበረም። ሕክምና ረዳ ማለት የበሽታው መነሻ ያ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ አስፕሪን ራስ ምታትን ቢያስታግሥ ራስ ምታት የአስፕሪን ማነስ ነው አንልም። በዚህ አጋጣሚ አደራ የምለው፣ ከዚህ ወጥቶ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ለሕሙም መስጠት የሚያስብ እንዳይኖር ነው። ኢስትሮጅን የደም መርጋትና የማሕፀን አደጋ አለው፤ በሐኪም ብቻ የሚታዘዝ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ የምንማርበት ትልቅ ነገር አለና። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራ፣ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አጣርተው 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን አገኙ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። ከሕሙማኑ መካከል ወንዶች ለሴቶች አምስት ለአንድ ይጠጉ ነበር፤ በሌላው ዓለም የሚነገረው ጥምርታ ግን 1.4 ለ1 ገደማ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ የሴቶቹ አማካይ የመታመሚያ ዕድሜ 21 ዓመት፣ የወንዶቹ 23.8 ዓመት መሆኑ ነው። የማንሃይሙ ሥዕል እዚህ ተገልብጧል።

ይህን እንዴት እንረዳው? «የኢትዮጵያውያት ኢስትሮጅን አይከላከልም» ብሎ መቸኮል አይገባም። ጥናቱ በ49 ዓመት ላይ ስለሚቆም፣ የወር አበባ ሲቋረጥ ብቅ ይላል የተባለው ጉብታ አብዛኛው ከጥናቱ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ብቻ የሴቶቹን ቁጥርም አማካይ ዕድሜም ያወርዳል። ሕሙም ወንድ ከቤት ወጥቶ በገበያና በመንገድ ይታያል፤ ሕሙም ሴት ግን ከጓዳ ሳትወጣ ልትቀር፣ ዝምታዋም እንደ ጨዋነት ሊቆጠር ይችላል። አጣሪ ቤት ሲደርስ ስለ እርሷ የሚናገር ላይኖር ይችላል። ስንቷ ሴት ሳትቆጠር ቀረች? የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የጂን ጥያቄ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። ሕሙማኑን በትክክል ሳንቆጥር ጂናቸውን ብንመረምር፣ የምንመረምረው የታዩትን እንጂ የታመሙትን አይሆንም።

የጂኑም መረጃ ቢሆን ጎደሎ ነው። በ2022ቱ ታላቅ ጥናት ከተካተቱት ሰዎች ብዙው እጅ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ነበሩ። በሰው ልጅ ዘር ውስጥ ትልቁ ልዩነት የሚገኘው ግን በአፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኮሳ ሕዝብ ላይ የተደረገው፣ በ2020 የታተመው ጥናት 909 ሕሙማንን ብቻ ይዞ በነርቭ መገናኛ ጂኖች ላይ ያለውን የብርቅ ለውጥ ክምችት ማሳየት ችሏል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ የተሳተፉበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ደግሞ 17,000 ሕሙማንንና 17,000 ማነጻጸሪያዎችን ለመመዝገብ አቅዶ የተነሣ ነው። ወደፊት በአገራችን የሚሠራ የሆርሞን ተቀባይ ጥናት በዚህ ስፋት ላይ መቆም ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ሴቶችንና ወንዶችን ለየብቻ መተንተን፣ በብዙ ጥናቶች ወደ ጎን ሲባል የኖረውን ኤክስ ክሮሞዞም ማካተት፣ ከ49 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችንም መመዝገብ ይጠበቅበታል።

እስከዚያው ድረስ ግን የጂን ውጤት ሳንጠብቅ ዛሬ የምንሠራው ሥራ አለ። ሐኪሞቻችን ሴት ታካሚያቸውን ስለ ወር አበባዋ ይጠይቁ። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ እርሱ ከፍ ሲል የወር አበባ ሊቀር፣ ኢስትሮጅንም ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሴቶች ግን ካልተጠየቁ ይህን አይናገሩም፤ እርግዝና መስሏቸው የሚጨነቁ፣ መድኃኒቱንም በዝምታ የሚያቆሙ አሉ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትና የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ክትትሉ ይጥበቅ። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መጠየቅን ነው።

ለቤተ ሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። በስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጥ «አንድ ጂን» የለም፤ የሆርሞን ተቀባይ ጂንም ያ ጂን አልሆነም። እኅት ወይም ወንድም ታምሟል ተብሎ ጋብቻ እንዲፈርስ የሚያደርግ የደም ምርመራ የለም፤ እንዲህ ያለ ምርመራ አለኝ የሚል ቢመጣ አትመኑት። የታማሚ እኅት ከመቶ ዘጠናው ዕድል ጤናዋ ነው። እናትም በዘሯም በማሕፀኗም ልጇን አልበደለችም።

ሳይንስ አንዳንድ ጊዜ የሚያበረክተው ትልቁ ስጦታ ያማረ ግምትን ፈትኖ «አልተገኘም» ማለት ነው። ይህ ቃል በመጽሔት ገጽ ላይ ደረቅ ይመስላል፤ በአንዲት ታጭታ ባለች ልጅ ቤት ግን ትልቅ ዜና ነው።